ይቅርታው ለማን ደረሰ?

አንድ ሰሞን ነው። እኛ የቆቦ ልጆች ብር አዋጥተን ፒያሳ፣ ካስቴሊ ምግብ ቤት ገባን። በእጅ የተሠራ ፓስታ፣ ግድግዳው ላይ የታዋቂ እንግዶች ፎቶ… ዋጋውን ስናይ ዓይናችን ፈጠጠ፤ ግን አንዴ ገብተናል። ፓስታውን ሹካ ላይ መጠምጠም ሲያቅተን ያየ አንድ የአዲስ አበባ ወዳጃችን ምን ቢለን ጥሩ ነው? «እናንተማ ከጣልያን ጋር የቆየ ዝምድና አላችሁ!»

ሳቅን። ፓስታው ግን ጉሮሯችን ላይ ቆመ።

እስኪ ነገሩን ከሥሩ እንየው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የተዋጋው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ሲያፈገፍግ፣ አሸንጌ ሐይቅ አካባቢ ከሰማይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ወረደበት። ከጎን ደግሞ ጣልያን በገንዘብና በጠመንጃ የያዛቸው የራያና የአዘቦ ተዋጊዎች ወጉት። እውነት ነው፤ አንክደውም።

ታሪኩ ግን ከዚያ ቀን አይጀምርም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ራያና አዘቦ በመንግሥት ላይ አምፆ ጦር ዘምቶበት ነበር። ጣልያን ብር ይዞ የደረሰው ያ ቁስል ሳይሽር ነው። ደግሞስ የከዳው ገበሬ ብቻ ነው እንዴ? የንጉሡ አማች የነበሩት ደጃዝማች ኃይለሥላሴ ጉግሳ ጦርነቱ በተጀመረ በቀናት ውስጥ ለጣልያን ገብተው የለም?

አሁን ወደ ጠረጴዛችን እንመለስ። የቤቱ መሥራች ፍራንቼስኮ ካስቴሊ አገራችን የመጣው የጣልያን ወታደር ሆኖ ነው። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አሳሰቡ። ብዙው ጣልያን ወደ አገሩ ቢመለስም የቀረው ጋራዥ ከፈተ፣ ዳቦ ጋገረ፣ እንደ ካስቴሊም ምግብ ቤት አቆመ። እኛ በዚህ ይቅርታ አናፍርም፤ እንኮራበታለን።

ራያስ? በ1935 ዓ.ም. በግብርና በአስተዳደር በደል ተማርሮ በቀዳማይ ወያነ አመፅ ተነሣ። አመፁ በ1936 መጀመሪያ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ድጋፍ ተደመሰሰ። የራያና የአዘቦ መሬትም ተወርሶ ለመንግሥት ታማኞች ታደለ።

«ቅጣቱ ለአመፁ እንጂ ለማይጨው አይደለም» የሚል ይኖራል። ይሁን። ስድቡስ? መድፍ ይዞ የመጣው «ሙሴ» ተብሎ ሲከበር፣ የገበሬው የልጅ ልጅ እስከ ዛሬ የባንዳ ዘር የሚባለው በየትኛው ፍርድ ነው?

ሒሳቡ መጣ። ተጋግዘን ከፈልን። ወዳጃችንንም አልተቀየምነውም፤ ያልተነገረውን ከየት ያውቀዋል? አገር ሰላም ሲሆን ቆቦ ወስደን የማሽላ እንጀራ እናበላዋለን። ታሪኩን ከነጉዱ የሚነግሩት አባቶች እዚያ አሉ።