የጨዋታው ሳጥንና ፊደላችን

ከባሕር ማዶ የመጣን መሣሪያ ለራስ ኑሮና ለራስ ቋንቋ ማስማማት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን ፊደል በጽሕፈት መኪና ለማስፈር የደከሙትን ድካም ብዙ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ያውቀዋል። በቦሌ፣ በገርጂና በኮተቤ መንደሮች የተካሄደው ሌላ የማስማማት ታሪክ ግን ብዙም አልተጻፈለትም። እርሱም የፕሌይስቴሽን ታሪክ ነው። «የልጆች ጨዋታ» ብሎ ሊያልፈው የሚቃጣው አንባቢ ቢኖር፣ መድረሻው የፊደል ጉዳይ ነውና ጥቂት ይታገሠን።

የጃፓኑ ሶኒ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1994፣ ሁለተኛውን ደግሞ በ2000 ነበር። ወደ አዲስ አበባ የመጣው ብዙውን ጊዜ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል፣ በዘመድና በነጋዴ ሻንጣ ነው። ከአሜሪካ የመጣው በ120 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ በእኛ 220 ቮልት እንዳይቃጠል ትራንስፎርመር ይሻል። የፊልም ኩባንያዎች የዲቪዲን ዓለም በክልል ሲከፋፍሉ ለአሜሪካ 1፣ ለአውሮፓና ለዱባይ 2፣ ለኢትዮጵያ 5 ቁጥርን ሰጥተዋል። ስለዚህ ከዋሽንግተን የመጣ መሣሪያና ከዱባይ የመጣ ዲስክ በአንድ ሳሎን ውስጥ ቢገናኙም አይግባቡም ነበር።

የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን መቆለፊያ ራሱ የፊደል ነገር ነው። በእውነተኛው ዲስክ ውስጠኛ ዙር ላይ፣ በሚወዛወዝ ጭረት፣ አራት የላቲን ፊደላት ተሰውረዋል፤ አንድ ስብስብ ለጃፓን፣ አንድ ለአሜሪካ፣ አንድ ለአውሮፓ። ተራ የሲዲ መቅጃ ይህን ውዝዋዜ መጻፍ አይችልም። መሣሪያው ፊደላቱን ካላገኘ አላጫውትም ይላል። በካውያ ተበይዳ የምትገባው ትንሽ ቺፕ ሥራዋ እነዚያን አራት ፊደላት በመሣሪያው ጆሮ ደጋግማ ማንሾካሾክ ነበር። ለሁለተኛው ፕሌይስቴሽን ደግሞ ብዙ ቀጫጭን ሽቦ የሚጠይቅ፣ የሰለጠነ እጅ የሚፈልግ ቺፕ መጣ።

የሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት የቆመው በዚህ ሥራ ላይ ነው። በአሜሪካ አንድ አዲስ ጨዋታ 50 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. ምንዛሪ ከ400 ብር በላይ ማለት ነው። ተማሪዎች በሳንቲምና በጥቂት ብር ኳስ የሚጫወቱበት ቤት ይህን ዋጋ ከየት ያመጣል? የተቀዳው ዲስክ የድህነት መልስ ነበር። ሆኖም መልሱ ንጹሕ አልነበረም። በዚያው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከሌሎች ጽሑፎች ጋር በአንድ ረድፍ አስቀምጦታል። በሕጉ ዓይን ያ ዲስክ እንደ ልቦለድ ደራሲ ያለው ሥራ ነው። ፎቶ ኮፒ የተደረገ መጽሐፉ መንገድ ላይ ሲሸጥ ያየ ደራሲ ነገሩ አይጠፋውም።

ይሁንና መክፈት ሁሉ መቅዳት አይደለም። በዚያ ዘመን የአማርኛ ፊልምና ክሊፕ በብዛት የሚሸጠው በቪሲዲ ነበር፤ ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን ደግሞ ዲቪዲ እንጂ ቪሲዲ አያጫውትም። ማለትም ሳጥኑ እንደ ተሸጠ ቢቀመጥ የአገሩን ፊልም ለባለቤቱ አያሳይም። ችግሩ የአንድ አገር ብቻ አልነበረምና፣ በየአገሩ ያሉ ሰዎች መሣሪያውን ከፍተው የራሳቸውን ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ። ፈረንጆቹ ይህን ሥራ በቤት ጠመቃ ስም ይጠሩታል፤ እንደ ጓዳ ጠላ፣ ባለሙያዋ ለቤቷ የጠመቀችው መሆኑ ነው።

ከጠመቃው ሁሉ የላቀው የተገኘው በማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ይህ ሳጥን ውስጡ 733 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና ሃርድ ዲስክ ያለው ኮምፒዩተር ነበር። በ2002 በኤም.አይ.ቲ. ይማር የነበረው አንድሩ ሁዋንግ የመሣሪያውን ምስጢራዊ ቁልፍ ከውስጡ አወጣ። በዚያው ዓመት በጎ ፈቃደኞች፣ ለተከፈተው ኤክስቦክስ ብቻ የሚሆን፣ ፊልምና ሙዚቃ የሚያጫውት ፕሮግራም ጀመሩ። ኤክስቢኤምሲ ተባለ፤ ከሳጥኑ ወጥቶ ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ስልክ ተስፋፋ፤ በ2014 ስሙ ኮዲ ሆነ። ይህ ፕሮግራም ዛሬ ከሚናገራቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ለባለቤቱ በአማርኛ አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ ፕሌይስቴሽንም እንዲሁ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ በኋላ እንኳ የሳጥኖቹ ሠሪዎች ቦታ አልሰጡትም። ቦታ የሰጡት ሳጥኑን ከፍተው በውስጡ የጻፉት ናቸው። በኮተቤና በገርጂ ካውያ የያዘው እጅም ያንኑ በር ከፍቷል፤ ነገር ግን በበሩ የገባው አብዛኛው የሌላ ሰው ሥራ ነበር። ጉድለቱን በጠጋኙ ብቻ ማላከክ አይገባም። የመክፈቱን ጥበብ ያለ መምህር ተምሮታል፤ ከከፈተ በኋላ የሚጻፍበትን ጥበብ ግን የሚያስተምረው ትምህርት ቤትም፣ የሚከፍለው ገበያም አላገኘም። ፊደላችን በሚቀጥለው ሳጥን ውስጥ እንዲገኝ የምንሻ ከሆነ፣ የጎደለው ካውያ የሚይዝ እጅ ሳይሆን ይህ ነው።