ማሞ ወልዴ፦ ሜዳሊያውና ክሱ

በጂቡቲ ከተማ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ሐበሾች ቡና አፍልተው በተቀመጡበት የሩጫ ወሬ ከተነሣ፣ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከዐሥራ ሰባት ሴኮንድ ነው። ኤፕሪል 17 ቀን 1988 (ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ በምንኖርበት በፈረንጆቹ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ) በሮተርዳም ማራቶን በላይነህ ዴንሳሞ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ አሸነፈ። የጂቡቲው አህመድ ሳላህ በ2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ተከተለው። ሁለቱም ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ሎፔዝ ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው ከተማ ካስመዘገበው የዓለም ክብረ ወሰን ቀድመው ገብተዋል። ስለዚህ አህመድ የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሽሎ ሁለተኛ የወጣ ሰው ነው። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከሰሜን ኮሪያ ጋር በመተባበር ከሴኡል ኦሎምፒክ ቀረች፤ አህመድም ነሐሱን ይዞ ተመለሰ። ያ ሜዳሊያ እስከ ዛሬ የጂቡቲ ብቸኛ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነው። «በላይነህ ቢኖር ኖሮ!» ይላል የእኛ ሰው። «ባልሮጠ ሰው ማን ይፈርዳል?» ይላል ጂቡቲያዊው ጎረቤት። ይህ ክርክር ቢጋጋልም አያቆስልም፤ ሰዓቱ ዳኛ ሆኖ መሐላቸው ተቀምጧልና።

መልኩ የሚለወጠው የማሞ ወልዴ ስም ሲነሣ ነው። አንዱ ሜዳሊያዎቹን ይቆጥራል፤ ሌላው «የዚያ ልጅ ደምስ?» ይላል፤ ከዚያ ዝምታ ይወርዳል። ይህ ዝምታ በዚህች ከተማ ክብደት አለው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከጦርነትና ከቀይ ሽብር ሸሽተው በረሃውን አቋርጠው ጂቡቲ የገቡ ኢትዮጵያውያን ብዙ ነበሩ። ቡናው ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል ወንድሙ ወይም አባቱ ያልተመለሰለት ሊኖር ይችላል።

እኔ ኑሮዬ ትርጉም ነውና፣ ጥፋቱ ከቃሉ ይጀምራል እላለሁ። ፈረንሳይኛው «ግራን ሻምፒዮን» ሲል ስለ ሰውየው ውድድር ብቻ ይናገራል። እኛ ግን «ታላቅ» ስንል እግሩንም፣ ጠባዩንም፣ አንዳንዴ ዕድሜውንም በአንድ ቃል እንጠቀልለዋለን። ጠቅልለን የሰጠነውን በኋላ ከፍለን መውሰድ ያቅተናል።

የሜዳው ታሪክ አያከራክርም። ሻምበል ማሞ ወልዴ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በ1956 በሜልቦርን 800 እና 1500 ሜትር ሮጧል፤ በ1964 በቶኪዮ በ10 ሺህ ሜትር አራተኛ ወጥቷል። በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ከኬንያው ናፍታሊ ቴሙ ቀጥሎ በ10 ሺህ ሜትር ብር አገኘ፤ ከዚያም በማራቶን፣ አበበ ቢቂላ በሕመም ካቋረጠ በኋላ፣ ሁለተኛውን ጃፓናዊ ከሦስት ደቂቃ በላይ ጥሎ ወርቁን ወሰደ። ከሮምና ከቶኪዮ ቀጥሎ ለኢትዮጵያ ሦስተኛው ተከታታይ የማራቶን ድል ነበር። በ1972 በሙኒክ፣ በአርባ ዓመቱ፣ ነሐስ ጨመረ።

ክሱ የመጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማሞ በቀይ ሽብር ዘመን በአንድ ታዳጊ ልጅ ግድያ ተሳትፏል ተብሎ ታሰረ። በቦታው መገኘቱን አልካደም፤ «አልገደልኩም» አለ። ፍርድ ሳያገኝ ዓመታት አለፉ። ከሁሉ አብልጦ የጮኸለት አሜሪካዊው ኬኒ ሙር ነው፤ በሙኒክ ከማሞ ኋላ አራተኛ ገብቶ ነሐሱን ያጣው ሰው ማለት ነው። ሙር ጋዜጠኛ ሆኖ በ1995 ስፖርትስ ኢለስትሬትድ በተባለው መጽሔት ስለ እስሩ ሰፊ ጽሑፍ አወጣ። የሙኒኩ አሸናፊ ፍራንክ ሾርተርም ድምፁን አሰማ። ይህ የሯጮች ወዳጅነት ልብ ይነካል። ነገር ግን ሜዳሊያ ማስረጃ አይደለም፤ ስለ ማሞ በተባለው ሁሉ ውስጥ የልጁ ቤተሰብ ድምፅ እጅግ አንሶ ይሰማል። በሌላ በኩል ደግሞ ሰውን ያለ ፍርድ ለዓመታት ማሰር በራሱ በደል ነው፤ ተከሳሹ ማሞ ባይሆንም ያው ነው።

የማሞ ነቃሾች ብዙ ጊዜ አበበን አንሥተው ያነጻጽራሉ፦ «አበበ ንጹሕ ነበር» ይላሉ። እኔ የማልቀበለው ይህን ነው። ሁለቱም በ1932 የተወለዱ፣ የአንድ ክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ። በዲሴምበር 1960 የክብር ዘበኛው አዛዥ መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር፣ ከሮም ድሉ ገና ሦስት ወሩ የነበረው አበበም ሳይፈልግ ተነካክቶ ለአጭር ጊዜ ታስሮ ነበር፤ ተጠይቆ ተለቀቀ። በ1969 መኪናው ተገልብጦ ሽባ ሆነ፤ ኦክቶበር 25 ቀን 1973 ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀብሩ ላይ ተገኙ። አብዮቱ የፈነዳው ከአራት ወር በኋላ ነው። አበበ እግሩ ጤነኛ ሆኖ እስከ 1978 ቢቆይ፣ ማን ምን ያዝዘው ነበር? እርሱስ ምን ይመልስ ነበር? በላይነህ ሴኡል ላይ ስላልሮጠው ሩጫ መፍረድ ካልቻልን፣ አበበ ስላላየው ዓመትም አንችልም። ማሞ ግን ያን ዓመት አየው።

ፍርዱ በጃንዋሪ 2002 መጣ። ማሞ ጥፋተኛ ተብሎ ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ታስሮ ስለነበር ግን በዚያው ተለቀቀ። ደጋፊዎቹ መፈታቱን እንደ ነጻ መባል፣ ነቃሾቹ የስድስት ዓመቱን ማነስ እንደ አድልዎ ይቆጥሩታል። በነጻነት የኖረው አራት ወር ያህል ብቻ ነው፤ ሜይ 26 ቀን 2002 በ69 ዓመቱ ዐረፈ።