«ጆሮህን ንካ!»

ልጁ ተጠርቶ መዝጋቢው ፊት ይቆማል። «ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሻግረህ የግራ ጆሮህን ንካ» ይባላል። ጣቱ ጆሮው ላይ ከደረሰ ስሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ካልደረሰ እናቱ «ለከርሞ አምጪው» ተብላ ትመለሳለች። የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት ዘመን፣ በአዲስ አበባም ሆነ በክፍለ ሀገር፣ ብዙ ሰው አንደኛ ክፍል የገባው ይህን ፈተና አልፎ ነው። ታላላቆች ለታናናሾቻቸው ብልሃቱን ቤት ውስጥ ያስጠኗቸው ነበር፤ አንገትን ትንሽ ዘንበል፣ ትከሻን ሰበቅ ማድረግ። የነቃ መዝጋቢ ግን «አንገትህን ቀና አድርግ!» ይላል።

ዘዴው የእኛ ብቻ አልነበረም። በኬንያ፣ በታንዛኒያና በናይጄሪያም ልጆች እንዲሁ ይለኩ ነበር። ምክንያት የለሽም አይደለም፤ በስድስትና በሰባት ዓመት ገደማ ክንድ እየረዘመ ሲሄድ፣ ጭንቅላት ግን አብዛኛውን እድገቱን ጨርሷል። የተጎዳው በምግብ እጥረት ቁመቱ የቀረ ልጅ ነበር፤ ዕድሜው ቢደርስም ክንዱ አልደርስ ብሎት እቤት ይከርማል።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። የሚፈተነው ልጁ ነው፤ ትምህርት ቤቱን ገብቶ የፈተሸ ወላጅ ግን እምብዛም አልነበረም። ልጅን ከማስገባት በፊት ግቢውን፣ ክፍሉን፣ መምህሩን አይቶ መወሰን በከተማችን ዘግይቶ የመጣ ልማድ ነው።

ልማዱ ለምን እንደዘገየ ለማየት ከአንድ አካባቢ እንነሳ። ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ተብሎ በአንድ ክፍለ ከተማ የተጠቃለለው አካባቢ ይህን ስያሜና አደረጃጀት ያገኘው በ1995 ዓ.ም. ነው። ላፍቶ፣ ለቡ፣ ሀና ማርያምና ጀሞ ለረጅም ጊዜ የከተማው ዳር፣ እርሻና ግጦሽ ነበሩ። በእንዲህ ያለው ዳርቻ የብዙ ክርስቲያን ቤተሰብ ልጅ የመጀመሪያ ትምህርት ቤቱ የየኔታ ደጃፍ፣ የቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነበር። ልጁ በካርቶን ላይ የተለጠፈውን የፊደል ገበታ ይዞ፣ ድንጋይ ወይም ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ሀሁን ይቆጥራል። ከዚያ አቡጊዳ፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ሲበረታ ዳዊት። ገበታው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ማተሚያ ቤት የወጣ ነበር።

ለዚያ ወላጅ ትምህርት ቤት ሄዶ ማየት የሚባል ነገር ትርጉም አልነበረውም። ግቢውን በየሰንበቱ ይረግጠዋል። የኔታን በዝክርና በሰንበቴ ያውቃቸዋል፤ ቁጣቸውንም ጭምር። ልጁን ሲያስረክብ የሚያስረክበው ለሚያውቀው ሰው ነው። ኋላ ላይ የጠፋው ይህ መተዋወቅ ነው።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች፣ ዋናው ሐና ሳሊብ ቤይ ነበሩ። ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛና ጣሊያንኛ የሚያስተምር ቤት ለአዲስ አበባ ወላጅ እንግዳ ነገር ነበር፤ ብዙዎቹም ልጃችን ሃይማኖቱን ይለውጥብናል ብለው ፈሩ። በ1917 ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከተለ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንግሥት ተማሪ ለመሳብ ምግብ፣ ልብስና ደብተር እስከ መስጠት ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ለማኙ ትምህርት ቤቱ፣ ተለማኙ ወላጅ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ብዙም አልቆየም። በግንቦት 1953 የአፍሪካ አገሮች ስለ ትምህርት ሊመክሩ አዲስ አበባ ተሰብስበው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በ20 ዓመት ውስጥ ለሁሉም እንዲዳረስ ሲወስኑ፣ አስተናጋጇ አገር ራሷ ከኋለኞቹ መካከል ነበረች። የከተማው ሰው የትምህርትን ጥቅም አይቷል፤ ወንበሩ ግን አልበቃም። ጆሮ መንካት ዕድሜ መለኪያ ብቻ ሳይሆን ሰልፍ ማሳጠሪያም የሆነው ያኔ ይመስላል። ወላጅ ወደ ግቢው የሚጋበዝበት ዋናው ቀን የወላጆች በዓል ነበር፤ ሰኔ ላይ፣ ዓመቱ ካለቀ በኋላ። መዝሙሩን ሰምቶ፣ ድራማውን አይቶ፣ ለተሸላሚው አጨብጭቦ ይመለሳል። ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ በአንድ ዴስክ እንደሚቀመጥ የሚያይበት ቀን አልነበረም።

ሙአለ ሕፃናት እስከ አብዮቱ ድረስ የጥቂቶች ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው ድሬዳዋ ላይ ለባቡር ሐዲዱ ፈረንሳውያን ሠራተኞች ልጆች የተከፈተው ነው። ደርግ ቀበሌዎች የራሳቸውን ሙአለ ሕፃናት እንዲከፍቱ አበረታታ፤ የሠራተኛ እናት ልጅ በሰፈሩ ውስጥ፣ በትንሽ ክፍያ፣ የሚውልበት ቤት አገኘ። ቀበሌው የሰፈሩ በመሆኑ ወላጅ ሞግዚቷንም መምህሯንም በስም ያውቅ ነበር።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ሕፃናት የሚሰጠውን ትምህርት በወረቀት ላይ ዕውቅና ሰጠው፤ ሥራውን ግን በአብዛኛው ለግል ባለሀብት፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለድርጅቶች ተወው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ጎፋ፣ ላፍቶ፣ መካኒሳና ጀሞ ላይ ኮንዶሚኒየሞች ሲቆሙ ገበያው ደራ። በኪራይ ቪላ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ሚኪ ማውስ ተስሎ፣ የመኪና ማቆሚያው ላይ ዥዋዥዌ ተተክሎ የግል ሙአለ ሕፃናት ተከፈተ። ወላጅ ትምህርት ቤት ዞሮ ማየት የተማረው እዚህ ነው፤ ከፋይ ስለሆነ። የመንግሥቱን ግን ሳያይ ናቀው። ይህ ፍርድ ሁልጊዜ ትክክል አልነበረም፤ ጠባብ ቪላ ውስጥ ሲታፈን የሚውል ልጅ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሰፊ ሜዳ በቀዳዳ ነበር የሚያየው።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚሰጠውን የዜሮ ክፍል ወደ መንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ካስገባ ወዲህ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ በ2003 ከነበረበት 5 በመቶ ገደማ በ2006 ወደ 34 በመቶ ዘሏል። ቁጥሩ ያስደስታል፤ ክፍሉ ግን ሁልጊዜ አያስደስትም ነበር። በብዙ ቦታ ሕፃናቱ የተቀመጡት ለትልልቅ ልጆች በተሠራ ዴስክ ላይ፣ እግራቸው መሬት ሳይነካ ነው። ያስተማሯቸውም ብዙዎቹ ለሕፃናት ያልሠለጠኑ መምህራን ነበሩ።

አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት የወላጅን ዓይን እንደገና የሳበው የተማሪዎች ምገባ ነው። ከተማው ምገባውን በስፋት ከጀመረ በኋላ፣ በ2012 የትምህርት ዘመን ደግሞ የደንብ ልብስ ሲታደል፣ የግል ክፍያ የከበደው ቤተሰብ ፊቱን ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት አዞረ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ተማሪ የተሳበበት ዘዴ በሌላ ዘመን ተመልሶ ሠራ። በ2015 የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ደረጃን የሥርዓቱ አካል አደረገ።

የመመዝገቢያው ጠረጴዛም ተለውጧል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 በይፋ ከተጀመረ ወዲህ ዕድሜን የሚመሰክረው ክንድ ሳይሆን ወረቀት ነው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የወላጅ የነዋሪነት መታወቂያ በላስቲክ ፌስታል ተይዞ ይኬዳል። ስም ባላቸው አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ደጃፍ ወላጆች ጋቢ ለብሰው ያድራሉ፤ ሌላው ጋ ዕጣ ይወጣል። ያም ሆኖ ብዙው ወላጅ የሚያየው በሩንና መዝጋቢውን ነው። «ግቢውን ልይ» ያለ እንደሆነ ጥበቃው «ወላጅ ከዚህ አያልፍም» ይላል። የጥበቃው ሥጋት ይገባል፤ ሕፃናት ያሉበት ግቢ ነው። ግን ወላጁን ከደጅ የሚመልስ ትምህርት ቤት ወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት፣ በአጭሩ ወተመህ፣ አለኝ ሲል አንድ ነገር ይጎድለዋል።

ለመስከረም ልጅ የምታስገቡ የላፍቶ፣ የጎፋ፣ የጀሞና የመካኒሳ ወላጆች፦ ነሐሴ ላይ ባዶ ግቢ ከምታዩ ግንቦት ላይ፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅዳችሁ ግቡ። ቀለም ከተቀባው ግድግዳ ይልቅ የሕፃናቱን ሽንት ቤትና የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ እዩ፤ ውኃው ይወርድ እንደሆነ ክፈቱት። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንዳለ፣ መምህሯ የሠለጠነችው ለየትኛው ዕድሜ እንደሆነ ጠይቁ። የምሳ ሰዓት ከደረሰ ደግሞ ምገባውን ሳታዩ አትውጡ።