«ውጣ» ከተባለ በኋላ በኮምፒውተር ላይ የሚቀረው የድረ ገጽ ቅጂ

በኢንተርኔት ካፌ ወይም በትምህርት ቤት፣ ብዙ ሰዎች በየተራ በሚገለገሉበት ኮምፒውተር ላይ አንድ ደንበኛ የባንክ ሒሳቡን ከፍቶ ይመለከትና «ውጣ» የሚለውን ተጭኖ ይሄዳል። በቦታው የተተካው ሰው በብሮውዘሩ ላይ ያለውን ወደ ኋላ የሚመልስ ቀስት ሲጫን ግን የደንበኛው ስም፣ የሒሳብ ቁጥርና ያለው ገንዘብ ዳግም ሊታይ ይችላል። ምክንያቱ «ካሽ» የሚባለው ጊዜያዊ ማከማቻ ነው።

ብሮውዘር ከከፈታቸው ገጾች ቅጂ ያስቀራል። ይህም ገጹ ዳግም ሲፈለግ በፍጥነት እንዲከፈትና የዳታ ወጪ እንዲቀንስ ያግዛል። «ውጣ» የሚለው ትእዛዝ ደንበኛው ከድረ ገጹ ሰርቨር ጋር የነበረውን ግንኙነት ይዘጋል እንጂ የተቀመጠውን ቅጂ የግድ አያጠፋም። ነገሩ ደንበኛው ደረሰኙን ይዞ ሲሄድ ቀሪው በጥራዙ ላይ እንደሚቆየው ነው። ድረ ገጹ በአግባቡ ከተሠራ በዚህ ቅጂ ገንዘብ ማዘዋወር አይቻልም፤ ሰርቨሩ አዲስ ትእዛዝ አይቀበልም። ሆኖም የሰውን ሒሳብ ማንበብ ብቻውን ለአጭበርባሪ በር ይከፍታል።

ዋናው ኃላፊነት የድረ ገጹ ሠሪዎች ነው። ሰርቨሩ እያንዳንዱን የግል ገጽ ሲልክ «ካሽ ኮንትሮል» በተባለው መመሪያ ውስጥ «ኖ ስቶር»፣ ማለትም «አታስቀምጥ» የሚል ትእዛዝ አብሮ ሊልክ ይገባል። «ኖ ካሽ» የሚለው ትእዛዝ ስሙ ቢመስልም ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ቅጂው እንዲቀመጥ ይፈቅዳል፣ ዳግም ከመጠቀም በፊት ግን ሰርቨሩ እንዲጠየቅ ያዛል። ትእዛዙን በመውጫው ገጽ ላይ ብቻ ማኖርም አይበቃም፤ ቀድሞ የተከፈቱት ገጾች አስቀድመው ተቀምጠዋልና። «ኤችቲቲፒኤስ» የተባለው ጥበቃም መረጃውን በመንገድ ላይ ሳለ ይጠብቃል እንጂ በኮምፒውተሩ ላይ የቀረውን አይሸፍንም።

ተጠቃሚውም የራሱን ጥንቃቄ ማድረግ ይችላል። በጋራ ኮምፒውተር ሲገለገል ሥራውን በግል መስኮት ቢጀምር ይመረጣል፤ ይህም በክሮም ኮንትሮል፣ ሺፍትና «ኤን»፣ በፋየርፎክስ ደግሞ ኮንትሮል፣ ሺፍትና «ፒ» በአንድነት ሲጫኑ ይከፈታል። ብሮውዘሩ የይለፍ ቃሉን ላስቀምጥ ብሎ ሲጠይቅ አለመፍቀድ፣ ሲጨርስም መጀመሪያ «ውጣ» ብሎ ከዚያ የግል መስኮቶቹን ሁሉ መዝጋት ያስፈልጋል። በተለመደው መስኮት የሠራ ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊት ተጭኖ የተቀመጡ ገጾችን፣ ኩኪዎችንና የአሰሳ ታሪክን ማጥፋት ይችላል። ከድረ ገጽ የወረደ የሒሳብ መግለጫ ግን የግል መስኮት ቢዘጋም በኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል፤ ለብቻው መሰረዝ አለበት።

ሳይወጣ የሄደ ሰው ችግሩ ከዚህ ይከፋል፤ ግንኙነቱ ገና ክፍት ነውና ሌላ ሰው በስሙ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል። ይህን ያስታወሰ ደንበኛ ሳይዘገይ በራሱ ስልክ የይለፍ ቃሉን መቀየር፣ ድረ ገጹ የሚፈቅድ ከሆነም «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚለውን መምረጥ፣ ጉዳዩ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ባንኩን ማሳወቅ ይኖርበታል።