ትዝታው ሲነቃ

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ያ ሰው ልጥ ባየ ቁጥር እባቡ የሚመጣበት ከየት ነው? ስሙኝማ።

እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ። ካሪም ናደር የሚባል ወጣት ተመራማሪ አንድ ነገር ከነከነው። የዘመኑ ሊቃውንት ትዝታ እንዲጸና አንጎል አዲስ ፕሮቲን መሥራት አለበት፤ አንዴ ከጸና ግን አበቃ፣ አይነካም ይሉ ነበር። «ሲታወስስ? ያኔ እንደገና መሠራት ቢኖርበትስ?» አለ ናደር። የፍርሃትን ነገር ለዓመታት ያጠናው አለቃው ጆሴፍ ለዱ አይሆንም አለው። እሱ ግን ሥራውን ጀመረ።

አይጦችን ድምፅ አሰማና አስከትሎ በኤሌክትሪክ ነዘራቸው። በማግስቱ ድምፁን ብቻ ሲሰሙ ክው ብለው ደረቁ፤ ከመተንፈስ በቀር ንቅንቅ የለም። ወዲያው፣ ትዝታው እንደነቃ፣ ፕሮቲን መሥራትን የሚያግድ መድኃኒት አሚግዳላ ውስጥ ጨመረ። አሚግዳላ በአንጎል ጥልቀት ያለች፣ በፍርሃት ነገር ትልቅ ድርሻ ያላት ክፍል ናት። በነጋታው ያው ድምፅ ሲሰማ አይጦቹ ብዙም አልደረቁም። ጉድ እኮ ነው! ድምፁን ሳይሰሙ፣ ትዝታው ሳይቀሰቀስ መድኃኒቱን የወሰዱት ግን እንደ ቀድሞው ፈሩ። ድምፁን ከሰሙ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሲሰጥም ምንም አልለወጠም። ለኔ የታሪኩ እምብርት ይህ ነው፦ የተተከለው ፍርሃት ሲታወስ ለጥቂት ሰዓታት ይላላል። ጥናቱ በ2000 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ።

ሌላም መንገድ አለ፣ መድኃኒት የማይሻ። ድምፁን ያለ ንዝረት ደጋግሞ ማሰማት ነው፤ አይጧ ቀስ በቀስ ትረጋጋለች። የድሮው ትዝታ ግን አልጠፋም፤ ቦታ ቢቀየር ወይም ጊዜ ቢያልፍ ተመልሶ ይመጣል። እባካችሁ፣ ከጦርነት ተርፎ፣ ታክሞ ተሻለው ያላችሁት ሰው አንድ ቀን በር ሲንኳኳ ቢበረግግ «ደካማ ነህ» አትበሉት።

ታዲያ ትዝታው ካልጠፋ፣ አይጧ ስትረጋጋ ፍርሃቱን ማን ይገታዋል? በ2002 በፖርቶ ሪኮ፣ ፖንሴ ከተማ፣ ሞሐመድ ሚላድና ግሪጎሪ ክወርክ ከፊት ለፊት ባለው የአንጎል ክፍል፣ በመሃል ወደ ታች ያሉ ሴሎችን አዳመጡ። ሴሎቹ በመጀመሪያው ቀን ለድምፁ ዝም ብለው ነበር። አይጧ ከተረጋጋች በኋላ፣ በማግስቱ ድምፁ ሲመጣ ግን ይተኩሱ ጀመር፤ ይበልጥ የተኮሱባት አይጥ ያነሰ ደረቀች። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ማረጋጋት ያልተሰጣቸውን ሌሎች አይጦች ወሰዱና ድምፁን እያሰሙ ያንኑ ሥፍራ በቀጭን ሽቦ በኤሌክትሪክ ነካኩት። እነሱም መንቀሳቀስ ጀመሩ።