ጃንሜዳና ፌስታሉ

ጥምቀት በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት በተመዘገበበት በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባና ታቦታት የሚያድሩበት ጃንሜዳ የአትክልት ገበያ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. በዓሉ ሲቃረብ ገበያው ተነሣ፤ ወጣቶችም ሜዳውን ሊያጸዱ አካፋና መጥረጊያ ይዘው ወጡ።

ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን በዓሉ ራሱ የሚተወውን ቆሻሻስ ማን ይከልክል? በአባቶቻችን በዓል ቄጠማው ደርቆ አፈር ይሆን፣ ዋንጫውና ቅሉ ወደ ቤት ይመለስ ነበር። የዛሬው ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ ግን አይበሰብስም። ስስ ፌስታልን የከለከለው አዋጅ ቁጥር 513 በ1999 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ይሁንና ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል ሌላ አዋጅ ማጽደቅ አስፈለገው። የፊተኛው ወረቀት ላይ ቀርቶ ነበርና።

በጎ ፈቃድ የሕግ ምትክ አይሆንም። አስተዳደሩ ፌስታሉን ከሜዳው በር ካልመለሰ፣ መጥረጊያው ከወጣቶቹ እጅ አይወርድም።