ስንዴም ወተትም የሌለበት ኬክ

ካርቱም የሙቀት ከተማ ብትሆንም፣ ታኅሣሥ ገብቶ የሰሜን ነፋስ መንፈስ ሲጀምር የማለዳው አየር ጋቢ ያስደርባል። በምሥራቅ ካርቱም በሚገኘው በአል-ጣኢፍም ሆነ በሌሎቹ የከተማይቱ ሰፈሮች ለኖሩ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ይህ ብርድ ከጾመ ነቢያት ጋር የሚገጥም ነው። ኅዳር 15 ቀን የሚገባው ጾም እስከ ገና ድረስ ሥጋን፣ ወተትን፣ ቅቤንና እንቁላልን ከማዕድ ያርቃል። ምድጃ አጠገብ መቀመጥ ደስ በሚያሰኝበት በዚህ ወቅት ኬክ መጋገር የፈለገች የቤት እመቤት ቅቤና እንቁላል ሳትይዝ ትጀምራለች። ከቤተሰቡ ስንዴ የማይስማማው ሰው ካለ ደግሞ ዋናው ዱቄትም ይቀርባታል። ታዲያ ከኬኩ ምን ቀረ? መልሱ ከባህር ማዶ የምግብ መጽሐፍ ይልቅ በገዛ ቡሃቃዋ ውስጥ ይገኛል።

ኬክ ለኢትዮጵያ እንግዳ ምግብ ነው። በአዲስ አበባ የተለመደው በ20ኛው መቶ ዘመን፣ ግሪኮች፣ አርመኖችና ጣሊያኖች ከከፈቷቸው ዳቦና ኬክ ቤቶች ጋር ነው። ይሁን እንጂ እንግዳው የአገሩን ሥርዓት መቀበል ግድ ሆነበት። ምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል በሚጾሙበት አገር ቅቤና ክሬም ብቻ ይዞ መነገድ አያዋጣምና፣ ኬክ ቤቶች «የጾም ኬክ» መጋገር ጀመሩ። ዛሬ በሌላው ዓለም እንደ አዲስ ግኝት የሚታየው ወተት አልባ ኬክ በዚህ ዓይነት ከጾም ሥርዓት የመጣ የዘወትር ምግብ ነው።

የስንዴው ጉዳይ ግን ከሥርዓት ሳይሆን ከሕመም የተነሣ ነው። ሴሊያክ በሚባለው ሕመም የተያዘ ሰው በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተባለው ፕሮቲን አንጀቱን ይጎዳበታል። ይህን ለዓለም ያስረዳው የኔዘርላንዱ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ካረል ዲከ ነው። ዲከ በሔግ ከተማ ሲሠራ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስንዴን ይጠረጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 መካከል በኔዘርላንድ በደረሰው የረሃብ ክረምት ዳቦ ሲጠፋ የታመሙት ሕፃናት መሻሻላቸው፣ ዳቦ ሲመለስ ደግሞ ሕመሙ ማገርሸቱ ጥርጣሬውን አጠነከረለት፤ ጥናቱንም በ1950 አሳተመ። ሕመሙ የአውሮፓውያን ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 በምዕራብ ሰሐራ ተወላጅ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት አፈረሰው፤ ከመቶ ከአምስት በላይ የሚሆኑት ሕመሙ ተገኝቶባቸዋልና።

ጤፍና ማሽላ ይህ ግሉተን የላቸውም። ለጋጋሪ ግን ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የስንዴ ሊጥ እንደ ላስቲክ እየተለጠጠ አየሩን አምቆ የሚያቆየው በግሉተን ነው፤ ግሉተን የሌለው ሊጥ አየሩን ይለቅና ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። የኢትዮጵያ እናቶች ለዚህ መፍትሔ ያገኙት የግሉተን ስም ሳይታወቅ ነው። ከቦካው ሊጥ ጥቂት ቀንሰው በውሃ ያፈሉታል፤ በረድ ሲልም ወደ ሊጡ ይመልሱታል። ይህም አብሲት መጣል ይባላል። በሙቀት የወፈረው ሊጥ አየሩን ይይዛል፤ እንጀራውም ዓይን ያወጣል።

ሱዳንም የዚሁ ጥበብ ተካፋይ ናት። ከከሰላ አጠገብ ከተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የታየው የማሽላ ቅሪት ማሽላ በዚያ አካባቢ ከ5,000 ዓመት በፊት ይለማ እንደነበር ያስረዳል፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በስሱ የምትጋገረው የሱዳን ኪስራም ከቦካ ማሽላ የምትሠራ ናት። ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ግን ከውጭ የሚገባው ስንዴ እየበዛ ሲሄድ ከተሜው ፊቱን ወደ ዳቦ አዞረ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 የአንድ ዳቦ ዋጋ ከአንድ ፓውንድ ወደ ሦስት ሲወጣ በአትባራ የተነሣው ተቃውሞ በየከተማው ተዛምቶ የኦማር አል-በሽርን መንግሥት እስከ መጣል ደርሷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስትከለክል ደግሞ፣ የካርቱም ኢትዮጵያውያን በቅርብ የሚያገኙት እህል የሱዳን ማሽላ ነበር፤ በእርሱም እንጀራ ይጋግሩ ነበር።

እንግዲህ የብርድ ቀን ኬክ ከእነዚህ ይዋቀራል። የማሽላ ወይም የጤፍ ዱቄት ይቦካል፤ በብርድ ጊዜ እርሾው ስለሚዘገይ ሊጡ ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጣል። አብሲቱ ወፈር ብሎ ይጣላል። በእንቁላል ፋንታ ተፈጭቶ በውሃ የተዘፈዘፈ ተልባ ሊጡን ያያይዛል፤ በቅቤ ፋንታ የሰሊጥ ዘይት፣ በስኳር ፋንታ ፍሬው ወጥቶ የተፈጨ የሰሜን ሱዳን ቴምር ይገባል። ዘቢብ፣ የበሰለ ሙዝና የሎሚ ልጣጭ ይጨመራል። ለመነፋት ጥቂት ሶዳ ይበቃል፤ ከሊጡ ኮምጣጣነት ጋር ሲገናኝ አየር ይፈጥራል። ኬኩ ከምድጃ ሲወጣ ሳይበርድ ከተቆረጠ ይፈርሳል። ለሕመምተኛ ሲባል ዱቄቱ ስንዴ በሚፈጭበት ወፍጮ አለመፈጨቱን ማረጋገጥ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚደረግ ነው።

ይህ የቤት ጥበብ የገበያ ዋጋ እንዳለው መጀመሪያ የተረዱት ግን ሌሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ጉዳይ ከኢትዮጵያ ጋር የጥቅም መጋራት ውል ተፈራረመ። በ2007 በጤፍ ዱቄትና ከእርሱ በሚሠሩ ግሉተን አልባ ምግቦች ላይ የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠ። በ2009 ኩባንያው ከሰረ፤ ኢትዮጵያም ከውሉ ያገኘችው ጥቅም ኢምንት ነበር። ዲከ በሠራባት በዚያችው በሔግ ከተማ የተሰየመ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ፓተንቱ የፈጠራ ደረጃ የለውም ብሎ በኔዘርላንድ ሻረው። አዲስ ነገር አልነበረውምና።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት የካርቱምን ነዋሪዎች በተነ፤ አል-ጣኢፍን ጨምሮ ብዙ ሰፈሮች ባዶ ቀሩ። ብዙዎች ምጣዳቸውንና ቡሃቃቸውን ጥለው ወጡ። አብሲት የመጣል ብልሃት ግን ዕቃ አይደለምና ከባለሙያዋ ጋር ይሄዳል፤ ካልተነገረና ካልተጻፈ ደግሞ ከእርሷው ጋር ይቀራል። የሔጉ ክርክር ያስተማረውም ይህንኑ ነው፤ የቤት ሙያ ባለቤት እንዳለው የሚታወቀው ሲመዘገብ ነው። በገና ዋዜማ የሚቀርበው ኬክ ለልጆች ሲቆረስ፣ ለምን ወተት እንደሌለበትና ያለ ስንዴ እንዴት እንደተነፋ አብሮ ቢነገራቸው፣ መዝገቡ ከዚያው ማዕድ ይጀምራል።